30 ሰከንዱ የማን ነው?

ወጣቷ ፕሮግራመር ከእሷ በፊት የነበሩ ሰዎች የሠሩትን የድረ ገጽ ሥርዓት ተረክባ ትጠብቃለች። ሥርዓቱ በኤኤስፒ ዶት ኔት 2.0 የተጻፈ ሲሆን የደንበኞችን መዝገብና ክፍያ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ላይ ያስቀምጣል። ጋሼ የምትላቸው ሰው በዳታቤዝ ሥራ የሸበቱ ባለሙያ ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሰኔ ሲገባ ነው የሚጀምረን። ዓመቱን ደህና የከረመ ሥርዓት የበጀት መዝጊያው ሲቃረብ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቆይቶ «ታይምአውት ኤክስፓየርድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ደግማ ትጫናለች፤ ከፊቷ የቆመው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። 30 ሰከንዱን ወደ 300 ከፍ ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከመንካቴ በፊት ግን እርስዎን ልጠይቅ አልኩ።

ጋሼ፦ ደግ አደረግሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ 30 ሰከንዱ የማን ነው?

ወጣቷ፦ የሰርቨሩ ነዋ። ከ30 ሰከንድ በላይ አልሠራም ብሎ ያቋርጣል።

ጋሼ፦ አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር የመጣለትን ጥያቄ ሰዓት ቆጥሮ አይጥልም። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ብትሰጪው ሦስት ሰዓት ይሠራል። የሚቆጥረው ያንቺ ፕሮግራም ነው። ዶት ኔት ውስጥ ሰርቨሩን የሚያነጋግረው ክፍል ትእዛዙን ይልካል፣ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱ ካልመጣ «ተወው» የሚል ምልክት ልኮ ለገጹ ስህተት ይመልሳል። ስለዚህ ያ ቀይ ጽሑፍ የሚነግርሽ ጠያቂው መጠበቅ ማቆሙን ብቻ ነው። ተጠያቂው ለምን እንደዘገየ እዚያ ውስጥ የለም። ቁጥሩን 300 ስታደርጊው የባለጉዳዩን ቆይታ አራዘምሽ እንጂ የዘገየውን ነገር አልነካሽውም።

ወጣቷ፦ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ኮኔክሽን ስትሪንጉ ውስጥ «ኮኔክት ታይምአውት» የሚለውን 300 አድርጎት አግኝቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ልክ በ30ኛው ሰከንድ ይወድቃል። ግራ የገባኝ ይሄ ነው።

ጋሼ፦ የነካው ሌላ ሰዓት ነዋ። እዚህ መንገድ ላይ ሰዓት የያዙት ብዙ ናቸው። ኮኔክት ታይምአውት ከሰርቨሩ ጋር እስክትገናኚ የሚቆጠር ነው፤ ካልነካሽው 15 ሰከንድ ነው። ኮማንድ ታይምአውት ከተገናኘሽ በኋላ ትእዛዙ እስኪመለስ የሚቆጠር ነው፤ 30 የሚባለው ይሄኛው ነው፣ በዚያ ዘመን ዶት ኔት ደግሞ ኮዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ይጻፋል እንጂ ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ አይቀየርም። ከነዚህ በላይ ገጹ ራሱ ሰዓት አለው፤ ኤኤስፒ ዶት ኔት 2.0 ላይ 110 ሰከንድ ነው፣ እሱም የሚሠራው ዲበግ ሲዘጋ ብቻ ነው። ትእዛዙን 300 አድርገሽ ገጹን 110 ላይ ከተውሽው ልፋትሽ ለከንቱ ነው።

ወጣቷ፦ እና የእሱ 300 ምንም አልሠራም?

ጋሼ፦ ሠርቷል፤ ያውም ጎድቷል። ዶት ኔት ግንኙነቶችን ፑል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካልነካሽው ለአንድ ኮኔክሽን ስትሪንግ ከ100 አይበልጡም። መቶውም ከተያዙ ቀጥሎ የመጣው ሰው አንዱ እስኪለቀቅ ይጠብቃል፤ ያን ጥበቃ የሚቆጥረው ደግሞ ኮኔክት ታይምአውት ነው። በ15 ሰከንድ «አልተቻለም» ሊባል የሚገባው ሰው፣ የገጹ ሰዓት ቀድሞ ካላቋረጠው፣ እስከ አምስት ደቂቃ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ ይቆማል ማለት ነው። ቀዩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሁለቱም «ታይምአውት ኤክስፓየርድ» ብለው ይጀምራሉ፤ አንደኛው ሥራው ሳያልቅ ጊዜው አለፈ ይላል፣ ሌላኛው ከፑሉ ግንኙነት ሳይገኝ ጊዜው አለፈ ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት አይቶ ይዘጋዋል።

ወጣቷ፦ ሁለቱንም አይቻለሁ። ጠዋት የመጀመሪያው ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ሁለተኛው ይጨመርበታል።

ጋሼ፦ ሁለተኛው የመጀመሪያው ልጅ ነው። የዘገዩት ጥያቄዎች ግንኙነቱን ይዘው ይቆያሉ፣ ሠራተኛዋ ደግማ ስትጫን ሌላ ግንኙነት ይያዛል፣ መቶው ያልቃል። ያኔ በአንድ ሰከንድ የሚያልቀውም ገጽ አብሮ ይቆማል። ኮዱ ውስጥ ተከፍቶ የማይዘጋ ግንኙነት ካለም ያው ነው፤ በተለይ ስህተት ሲፈጠር መዝጊያው መስመር ላይ ሳይደርስ የሚዘል ኮድ ፈልጊ። ግን ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ተጠያቂው ምን ሲያደርግ እንደነበር በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ገጹ ተንጠልጥሎ ሳለ በማየት ነው። ከወደቀ በኋላ ብትሄጂ ምንም የለም። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ከፍተሽ «ኤስፒ ሁ ቱ» የሚባለውን ፕሮሲጀር አስኪጂ፤ አዳም ማካኒክ ጽፎ በነፃ የሰጠውን «ኤስፒ ሁ ኢዝ አክቲቭ» ብትጭኚማ በጣም ይሻላል፣ ጥያቄውን ራሱን ያሳይሻል። የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄው እየሠራ ነው ወይስ እየጠበቀ? እየሠራ ከሆነ ሲፒዩውና የሚያነበው መጠን ይጨምራል። እየጠበቀ ከሆነ «ብሎክድ ባይ» የሚለው ዓምድ ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ታያለሽ።

ወጣቷ፦ እሱንስ አይቻለሁ! ብዙ ጥያቄ ተደርድሮ ሁሉም አንድ ቁጥር ይጠብቃል። ያን ቁጥር ስፈልገው ግን «ስሊፒንግ» ይላል። ምንም የማይሠራ ሰው እንዴት ሁሉን ያግዳል?

ጋሼ፦ ይሄን በደንብ ስሚኝ፤ ታይምአውት ታይምአውትን የሚወልደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስቶርድ ፕሮሲጀር ትራንዛክሽን ከፍቶ የክፍያ ሰንጠረዡ ላይ ይጽፋል እንበል። መሐል ላይ 30 ሰከንዱ ያልቃል፣ ፕሮግራሙ «ተወው» ይላል። ሰርቨሩ ሥራውን ያቆማል፤ ትራንዛክሽኑን ግን አይዘጋውም። ፕሮሲጀሩ ውስጥ ትራይና ካች ተጽፎ ቢሆንም አያድንም፤ ያ ምልክት እንደ ስህተት ስለማይቆጠር ካቹ አይነቃም። ግንኙነቱ ከነቁልፉ ወደ ፑሉ ይመለሳል። ሌላ ሰው ያንኑ ግንኙነት እስኪወስደው፣ ወይም ፑሉ እስኪያስወግደው ድረስ የቆለፈውን እንደቆለፈ ይተኛል። ሌሎቹ በሩ ላይ 30፣ 30 ሰከንድ ጠብቀው ይወድቃሉ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ የራሳቸውን ትራንዛክሽን ከፍተው ትተው ይሄዳሉ።

ወጣቷ፦ ለዚህ መድኃኒት አለው?

ጋሼ፦ አንድ መስመር ነው። ትራንዛክሽን በሚከፍት ፕሮሲጀር ሁሉ ራስጌ ላይ «ሴት ኤክስአክት አቦርት ኦን» ብለሽ ጻፊ። ያኔ ጠያቂው ሲተው ሰርቨሩ ትራንዛክሽኑን ራሱ ይመልሰዋል። ይሄን መስመር ያልያዘ የቆየ ሥርዓት ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ በዚህ ሰበብ ስንት ሰው ቀኑን አባክኖ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ አስቢው።

ወጣቷ፦ የቀድሞው ልጅ ግን በሌላ መንገድ ነው የሞከረው። ሪፖርቶቹ ሁሉ ላይ «ኖሎክ» ጨምሮባቸዋል።

ጋሼ፦ አውጪው። የክፍያ ሪፖርት ላይ ኖሎክ አልፈቅድም። ቁልፉን አልፎ ያነባል ማለት ገና ያልጸደቀ፣ በኋላም ሊሰረዝ የሚችል ክፍያ ይደምራል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ እያነበበ ሳለ መረጃው ቦታ ሲቀያየር አንዱን ሪከርድ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ ሌላውን ይዘላል። የሰው ገንዘብ ነው። አንባቢና ጸሐፊ እንዳይጋጩ ከፈለግሽ ከ2005ቱ የኤስኪውኤል ሰርቨር ስሪት ጀምሮ «ሪድ ኮሚትድ ስናፕሾት» የሚባል አለ፤ አንባቢው ከመቀየሩ በፊት የነበረውን የጸደቀ ቅጂ ያያል። ሲጫን ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ብዙዎችም መኖሩን አያውቁም። ቅጂዎቹ ቴምፕዲቢ ላይ ስለሚቀመጡ መጀመሪያ ዲስኩን እዪው፤ የምትከፍቺውም ዳታቤዙ ላይ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው።

ወጣቷ፦ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ የሚወድቅበትም ቀን አለ። የቅርንጫፍ ሪፖርቱን የሚያወጣው ፕሮሲጀር ገጹ ላይ 30 ሰከንድ ያልፋል፤ እኔ ስቱዲዮ ላይ ሳስኬደው እጄን ሳላነሳ ይመልሳል። አለቃዬ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ደመደመ።

ጋሼ፦ ኔትወርኩ አይመስለኝም። ስቱዲዮው «አሪትአቦርት» የሚባለውን ቅንብር ከፍቶ ይገናኛል፣ ዶት ኔት ዘግቶ ይገናኛል። በዚህ ልዩነት ብቻ ሰርቨሩ ለሁለታችሁ ሁለት የተለያየ የአሠራር ዕቅድ ይይዛል። አንቺ ያየሽው የራስሽን ዕቅድ ነው፤ ገጹ የሚሠቃይበትን አላየሽውም። ስቱዲዮው ላይ አሪትአቦርትን ዘግተሽ፣ በዚያው የቅርንጫፍ ቁጥር ድገሚው፤ ዝግመቱ አንቺም ዘንድ ይመጣል። ስዊድናዊው ኤርላንድ ሶማርስኮግ በዚሁ ጉዳይ ላይ ረጅም ጽሑፍ አለው፤ ፈልገሽ ሙሉውን አንብቢ።

ወጣቷ፦ የገጹ ዕቅድ ለምን ከፋ?

ጋሼ፦ ሰርቨሩ ዕቅዱን የሚያወጣው ፕሮሲጀሩ መጀመሪያ ሲጠራ በመጣው ቁጥር ነው። ጠዋት ቀድሞ የጠየቀው ጥቂት ደንበኛ ያለው ቅርንጫፍ ከሆነ የሚያነብበት መንገድም፣ የሚይዘው ማኅደረ ትውስታም በዚያ ልክ ይሆናል። ከሰዓት አዲስ አበባ ሲጠይቅ ያው ይሰጠዋል። ለአምስት ሰው በተጣደ ድስት ሠርግ እንደማብላት ነው። ለጥቂት ሪከርድ የሚያዋጣውን አንድ በአንድ የመፈለግ ሥራ መቶ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል፤ መደርደሪያ ማኅደረ ትውስታ ሲያንሰው ዲስክ ላይ ይዘረግፋል።

ወጣቷ፦ ለዚህ ነዋ ሰርቨሩን አጥፍተን ስናስነሳው የሚድነው!

ጋሼ፦ ሲነሳ ዕቅዱ ሁሉ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የጠየቀው ትልቁ ቅርንጫፍ ከሆነ ይድናል፣ ትንሹ ከሆነ ያው ይመለሳል። ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ይልቅ «ኤስፒ ሪኮምፓይል» ብለሽ የዚያን ፕሮሲጀር ዕቅድ ብቻ አስጥይው። ለዘለቄታው ያቺ የምትዘገየው ጥያቄ መጨረሻ ላይ «ኦፕሽን ሪኮምፓይል» ጨምሪ፤ በተጠራች ቁጥር እንደ ቅርንጫፉ መጠን ታቅዳለች። በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚወጣ ሪፖርት ዋጋው ኢምንት ነው። በየሰከንዱ ለሚጠራ ግን አይሆንም።

ወጣቷ፦ ይሄ ሁሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊሆን የሚችል ነው። ለምን ሰኔ?

ጋሼ፦ ዓመታዊ ሪፖርቱ ቀኑን እንዴት ነው የሚፈልገው? ሰንጠረዡ ውስጥ ቀኑ ምን ሆኖ ተቀምጧል?

ወጣቷ፦ ጽሑፍ ሆኖ። በእኛው አቆጣጠር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያለ፤ «30/10/2016»።

ጋሼ፦ ጠርጥሬ ነበር። የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም፤ ተቸግረው ነው። የሰርቨሩ የቀን ዓይነት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥቅምት 30ን እንዳለ ልስጠው ብትዪ 2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ይሆንበታል፤ ፌብሯሪ ደግሞ 30 የለውም፣ አይቀበልሽም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ነው። ስለዚህ እንደ ጽሑፍ አስቀመጡት፤ እስክሪኑ ላይ አማረ፣ ሥራው ሄደ። ሲፈልጉ ግን ምን ያደርጋሉ?

ወጣቷ፦ አንድ ፈንክሽን አለ። ጽሑፉን ቆራርጦ ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይረዋል፤ ከዚያ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ውስጥ መሆኑን ያያል።

ጋሼ፦ ፈንክሽኑ የተጠራው ዓምዱ ላይ ነው ወይስ የፍለጋው ወሰን ላይ?

ወጣቷ፦ ዓምዱ ላይ።

ጋሼ፦ እንግዲህ አገኘነው። ሚሊዮን ሪከርድ ካለ ፈንክሽኑ ሚሊዮን ጊዜ ይጠራል፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተከፈለውም ክፍያ ተቆራርጦ ይታያል። ዓምዱ ላይ ኢንዴክስ ቢኖርም አይረዳም፤ ኢንዴክሱ የሚያውቀው ጽሑፉን ነው፣ ጽሑፉም በቀን ስለሚጀምር መስከረም 1 እና ሰኔ 1 ጎረቤት ሆነው ተደርድረዋል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ፈንክሽን ያለበትን ጥያቄ ሰርቨሩ ለብዙ ፕሮሰሰር አያከፋፍለውም፤ ሁሉን በአንዱ ይሠራዋል። ፈንክሽኑን ጥያቄው ውስጥ አቅልጦ መሥራት የመጣው በ2019ኙ ስሪት ነው፣ እናንተ ዘንድ የለም። ሰኔ የሚሆንበት ምክንያት ይሄው ነው፤ ቅርንጫፍ ሁሉ በአንድ ሳምንት ዓመታዊውን ይጠይቃል፣ ሰንጠረዡም በየዓመቱ ይወፍራል። ሐምሌ ላይ ተሻለው የምትሉት ጠያቂው ስለቀነሰ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ቀኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ልቀይራቸው?

ጋሼ፦ የሰርቨሩን የቀን ዓይነት የያዘ አዲስ ዓምድ ጨምሪ፤ በ2008ቱ ስሪት የመጣው «ዴት» የሚባለው 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። መዝገቡ ሲገባ አንድ ጊዜ ተቀይሮ እዚያ ይጻፍ፣ ኢንዴክስም ይሠራለት። ሪፖርቱ ሲጠየቅ የሚቀየሩት ሁለቱ ወሰኖች ብቻ ይሆናሉ። የ2016 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያበቃል፤ በፈረንጁ ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ሰርቨሩ ኢንዴክሱ ላይ ቀጥታ እዚያ ገብቶ ያንን ዓመት ብቻ ያነባል። የምትፈልጉት በወሰን መፈለግ ብቻ ከሆነና ወደ ፈረንጅ መቀየሩ ካልተመቻችሁ ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጋችሁ በሙሉ ቁጥር ጻፉት፤ 20161030። በትክክል ይደረደራል፣ ጳጉሜን 5ም 20161305 ሆኖ ይገባል። ስንት ቀን ዘገየ ብሎ መቁጠር ካለ ግን የቀኑ ዓይነት ይሻላል።

ወጣቷ፦ የስም ፍለጋውም ሳይመስለው አይቀርም። ኃይሉን በ«ሀ» የጻፈ፣ በ«ኃ» የጻፈ፣ ፀሐይን በ«ጸ» የጻፈ ስላለ፣ ፍለጋው በየሪከርዱ ፊደል እየተካ ነው የሚያወዳድረው።

ጋሼ፦ ያው በሽታ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣ ሁለተኛ የስም ዓምድ አዘጋጂ፤ ሰው ሲመዘገብ ይሞላ፣ ፈላጊው የጻፈውም በዚያው ደንብ ተስተካክሎ እዚያ ላይ ይፈለግ። ደንበኛው ስሙን የጻፈበት መንገድ ግን እንዳለ ይቆይ፤ ስሙ ነው። ፍለጋው ከስሙ መጀመሪያ ይነሳ፤ ከፊትም ከኋላም ፐርሰንት ምልክት ካለበት ኢንዴክሱን አይጠቀምም። እግረ መንገድሽን የመዝገብ ቁጥሩን እዪ። ዓምዱ ቫርቻር ሆኖ ሳለ ዶት ኔት ስትሪንግን ኤንቫርቻር አድርጎ ነው የሚልከው፤ በቆየው የኤስኪውኤል ኮሌሽን ላይ ሰርቨሩ ዓምዱን በሙሉ እየቀየረ ያወዳድራል። ኮዱ ላይ የፓራሜትሩን ዓይነት በግልጽ ጻፊ፣ ያልቃል።

ወጣቷ፦ ስታቲስቲክስ ማደስ የሚባለውስ? ማታ ማታ አስኪጂው ብለውኛል።

ጋሼ፦ ትክክል ነው። 2008 ስታቲስቲክሱን በራሱ የሚያድሰው ከሰንጠረዡ 20 በመቶውና 500 ሪከርድ ሲቀየር ነው። 10 ሚሊዮን ሪከርድ ካለሽ 2,000,500 እስኪቀየር ይጠብቃል፤ እስከዚያ የሰኔ ቀኖች እንዳልመጡ ነው የሚያስበው፣ ዕቅዱንም በዚያ ግምት ያወጣል። ከ2016ቱ ስሪት ወዲህ ለዚያው ሰንጠረዥ 100,000 ያህል ይበቃዋል። የ2008 ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2019 ተቋርጧል፤ ይህን ለአለቃሽ በጽሑፍ ስጪ፣ በቃል አይበቃም።

ወጣቷ፦ እና 30 ሰከንዱን ጨርሶ አልነካውም?

ጋሼ፦ ለመስኮቱ ገጽ አትንኪው፤ ባለጉዳይ ፊት ለፊት ቆሞ 30ውም ረጅም ነው። የሁሉም ቅርንጫፎች ዓመታዊ ድምር ግን በሐቅም ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። እሱን ከገጹ አውጪና ማታ በጆብ ይዘጋጅ፣ ጠዋት ከተዘጋጀው ይነበብ። ጆቡን በራስሽ ፕሮግራም የምታስኬጂው ከሆነ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ 600 ስጪ። ዜሮ እንዳታደርጊ፤ ዜሮ ማለት ገደብ የለውም ማለት ነው፣ አንድ ሌሊት የተንጠለጠለ ነገር ሳይታይ ያድራል።

ወጣቷ፦ የቀኑን ዓምድ ነገር ግን እፈራለሁ። ኦዲተሮች የሚያመሳክሩት ወረቀቱ ላይ ባለው ቀን ነው። የድሮውን ጽሑፍ ብነካባቸው አይቀበሉኝም።

ጋሼ፦ እውነት ነው፣ እኔም አልቀበልሽም ነበር። የድሮው ዓምድ ፊደሉ ሳይነካ ይቆያል፤ አዲሱ አጠገቡ ይቆማል። መጀመሪያ ባክአፕ ያዢ፣ ቅጂው ላይ ሞክሪ። እውነተኛው ላይ ስትሞዪም ሁሉን በአንድ ጊዜ አይሁን፤ በጥቂት በጥቂቱ አድርጊው፣ አለዚያ ሰንጠረዡን ራስሽ ትቆልፊዋለሽ። ኢንዴክሱንም ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ሥሪው።

ወጣቷ፦ የማይቀየሩስ ቢወጡ? «31/10/2009» የሚል አይቻለሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚልም አለ፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 5 ነበረች።

ጋሼ፦ ባዶ ተዪያቸው። ወደ ቅርቡ ቀን እንዳትጠጋጊ፤ የክፍያ ቀን ነው፣ አንድ ቀን ከሐምሌ ወደ ሰኔ ከሄደ የበጀት ዓመቱ ይቀየራል። ዝርዝራቸውን ከነመዝገብ ቁጥራቸው አውጥተሽ ወረቀቱን ለያዙት ለመዝገብ ቤት ሰዎች ስጪ። እነሱ ዶሴውን ከፍተው ትክክለኛውን ይንገሩሽ፣ ማን እንዳረመውም ይጻፍ። እስከዚያ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ቀናቸው ያልታወቀ ክፍያዎች ተብለው ለብቻ ይውጡ፤ ድምሩ ውስጥም ከድምሩ ውጭም ሳይታዩ እንዳይቀሩ።